ዋጋው በተለጠፈበት የኤሌክትሮኒክስ መደብር መከራከር ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነስ በምኑ ላይ?

አዲስ ገዢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥንና አንድ ላፕቶፕ ለመግዛት አስቤ ዋጋ ሳጠያይቅ ከርሜአለሁ። ችግሬ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ዕቃው በሥርዓት ተደርድሮ፣ ዋጋው ታትሞ ተለጥፎ፣ ሻጩ የደንብ ልብሱን ለብሶ በቆመበት ቦታ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። የባለቤቴ ወንድም ማንኛውንም ዕቃ በተለጠፈበት ዋጋ ገዝቶ እንደማያውቅ ሲናገር እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሻጩ ይስቅብኛል የሚል ስጋት ይዞኛል። ልምዱ ያላችሁ እንድታስረዱኝ የምፈልገው፣ በእንዲህ ያለ መደብር የተለጠፈ ዋጋ በእርግጥ የሚነቃነቅ መሆኑን፣ የሚነቃነቅ ከሆነም ሻጩ መቀነስ የሚችለውና የማይችለው በምን እንደሚለይ ነው። «ዝም ብለህ ግማሹን ጥራ» የሚለውን ምክር ስለጠገብኩት ምክንያቱን ጭምር ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

ከባንኮኒው ጀርባ እንዲህ ሲል መልሷል፦

በኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ በሻጭነት ለዓመታት ስለሠራሁ ነገሩን ከወዲያኛው ወገን ሆኜ ልንገርዎት። ሻጩ አይስቅብዎትም፤ ጥያቄውን በየቀኑ ይሰማዋል። የሚያስቸግረው ገዢው ቅናሹን ከማይገኝበት ዕቃ ላይ ሲፈልገው ነው።

ብዙ ሰው ውድ ዕቃ ብዙ ትርፍ ያለው ይመስለዋል፤ በዚህ ንግድ ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ላፕቶፕ፣ አዲስ የወጣ ስልክና የጨዋታ ኮንሶል መደብሩ ከተረከበበት ዋጋ ብዙም ሳይርቁ ይሸጣሉ፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ስልኩን አውጥቶ የዚያኑ ሞዴል ዋጋ ከሌሎች መደብሮች ጋር በደቂቃ ውስጥ ሊያስተያይ ይችላል። መደብሩን የሚያኖረው ከነዚህ ዕቃዎች አጠገብ የተሰቀለው ነገር ነው፤ ኬብሉ፣ የስልክ ሽፋኑ፣ የስክሪን መከላከያው፣ ቦርሳው፣ የግድግዳ ማንጠልጠያው፣ በመጨረሻም ካሸሩ ዘንድ ሲደርሱ ፈገግ ተብሎ የሚቀርብልዎት ተጨማሪ ዋስትና። ስለዚህ «ከላፕቶፑ ላይ ይህን ያህል ቀንሱልኝ» ቢሉ ሻጩ እምቢ የሚለው ጨክኖ ሳይሆን የሚቀንሰው ስለሌለው ነው። ላፕቶፑን በተለጠፈው ዋጋ እየወሰዱ «ቦርሳውንና ማውሱን መርቁልኝ» ቢሉት ግን መደብሩ የሚያጣው እነዚያን ዕቃዎች የገዛበትን ጥቂት ገንዘብ ሲሆን፣ እርስዎ የሚያተርፉት የተለጠፈባቸውን ሙሉ ዋጋ ነው። ሁለቱም ወገን ሳይጎዳ የሚለያይበት ክርክር ይህ ነው። ቴሌቪዥን ላይ፣ በተለይ ትልልቅና ውድ በሆኑት፣ ከላፕቶፕ የተሻለ መፈናፈኛ አለ፤ እዚያም ቢሆን ማድረሻውንና ግድግዳ ላይ መስቀያውን በነጻ ማስጨመር ከጥሬ ቅናሽ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

ሁለተኛው ነገር የሥልጣን ጉዳይ ነው። በብዙ መደብሮች ወለሉ ላይ የቆመው ሻጭ በራሱ ሊቀንስ የሚችለው ትንሽ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ካሽ ማሽኑ ራሱ የሥራ አስኪያጁን ፈቃድ ይጠይቃል። ሻጩ «አልችልም» ሲልዎት አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። «ማን ሊፈቅድ ይችላል?» ብለው በትሕትና ቢጠይቁት አይቀየምም፤ እንዲያውም ሽያጩ እንዳያመልጠው ስለሚፈልግ ከእርስዎ ጋር ሆኖ አለቃውን ይለምንልዎታል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንዳንድ አምራቾች የተወሰነ ሞዴል ለሸጠ ሠራተኛ በቀጥታ ጉርሻ ስለሚከፍሉ፣ አንዱን ቴሌቪዥን ከመጠን በላይ ሲያወድስልዎት የሚናገረው ጥራቱ ላይሆን ይችላል።

ቁርጥ ዋጋ ይሻላል እንዲህ ስትል መልሳለች፦

ክርክር እንደ ብልኅነት፣ በተለጠፈው ዋጋ መግዛትም እንደ ሞኝነት የሚቆጠረው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዋጋ ለጥፎ ለሁሉም እኩል መሸጥ ገዢው በብዙ ድካም ያገኘው ዕረፍት ነው። በጃፓን ሚትሱይ ታካቶሺ እ.ኤ.አ. በ1673 በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የከፈተው ኤቺጎያ የተባለ የጨርቅ መደብር ስሙ የተነሳው እጅ በእጅ እየተቀበለ ለማንም በማይለዋወጥ ዋጋ በመሸጡ ነው። በፓሪስም አሪስቲድ ቡሲኮ እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ የቦን ማርሼን መደብር ሲያስፋፋ ገዢዎችን ከሳቡት ነገሮች አንዱ በግልጽ የተለጠፈው ቁርጥ ዋጋ ነበር። ያ አሠራር ዓይን አፋሩም፣ ቋንቋው የማይሰላለትም፣ ልጅ ተልኮ የመጣም ከአዋቂው እኩል እንዲገዛ አስችሏል።

ክርክር ባለበት ቦታ ግን ዋጋው የዕቃው መሆኑ ይቀርና የገዢው ይሆናል። ኢያን አይረስና ፒተር ሲግልማን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ በቺካጎ አካባቢ ወደ መኪና ነጋዴዎች የተላኩት ገዢዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የመደራደሪያ ስልት እንዲከተሉ ሠልጥነው ሳለ፣ ለጥቁሮችና ለሴቶች የተጠራው ዋጋ ለነጭ ወንዶች ከተጠራው ከፍ ያለ ነበር። መኪና ቴሌቪዥን አይደለም፤ ነገር ግን ሻጭ ፊት አይቶ ዋጋ እንዲጠራ በተፈቀደለት ቦታ ሁሉ ይኸው ነገር አይደርስም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ምክንያቱን መስማት እፈልጋለሁ።

ሰሌዳ አንባቢ እንዲህ ሲል መልሷል፦

እኅቴ የጠቀሱት ታሪክ ትክክል ነው፤ በድምዳሜው ግን አልስማማም። የተለጠፈው ዋጋ ቁርጥ ቢሆን ኖሮ ክርክሩም ባላስፈለገ ነበር። ዛሬ በብዙ መደብሮች ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ የሚያዩት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ዋጋው ከቢሮ በአንድ ትእዛዝ የሚለወጥ ነው። መደብሩ እኔን ሳያማክር ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ዋጋ እኔ በአፌ ዝቅ ላድርግልህ ብለው ነውሩ አይታየኝም። ገዢውም ቢሆን ቁርጥ ዋጋን እወዳለሁ ይበል እንጂ በተግባር ሲፈተን ይሸሻል። ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የመደብሮች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ኩፖንና የማያልቅ የቅናሽ ዘመቻ ትቶ ዝቅ ባለ ቋሚ ዋጋ ልሽጥ ቢል፣ በዚያ የሒሳብ ዓመት ሽያጩ በሩብ ያህል ወረደ፤ ሐሳቡን ያመጡት ሥራ አስፈጻሚ ሮን ጆንሰንም በ2013 ተሰናበቱ።

ለጠያቂው የበለጠ የሚጠቅመው ስለ ተሰረዘው ዋጋ ማወቁ ይመስለኛል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጽሑፍ የገለጹት ሙከራ አለ። 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተሠራ የዕጣ መንኮራኩር በሰዎች ፊት አሽከርክረው፣ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት መካከል የአፍሪካ አገሮች ምን ያህል በመቶ እንደሚሆኑ እንዲገምቱ ጠየቋቸው። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ 65 የወጣላቸው ግን 45 ብለዋል። መንኮራኩሩ ከጥያቄው ጋር ምንም እንደማይገናኝ ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ጎተታቸው። በቀይ ተሰርዞ ከአዲሱ ዋጋ በላይ የሚጻፈውም ቁጥር ሥራው ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2022 ጀምሮ ቅናሽ የሚያውጅ ነጋዴ ከዚያ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ ያስከፈለውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲገልጽ ያስገደደው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ ታሪኩን ራስዎ መከታተል ይኖርብዎታል፤ የሚፈልጉትን ሞዴል ዋጋ ለጥቂት ሳምንታት በፎቶ እያስቀመጡ ቢያቆዩ፣ ክርክሩን የሚጀምሩት ከተሰረዘው ቁጥር ሳይሆን በእርግጥ ከተሸጠበት ዝቅተኛ ዋጋ ይሆናል።

«ሌላ ቦታ በዚህ ዋጋ አይቻለሁ» ለማለት ከፈለጉ ደግሞ የሞዴል ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ፊደል ያመሳክሩ። አምራቾች አንዱን ቴሌቪዥን ለተለያዩ ትልልቅ መደብሮች በመጨረሻዎቹ ፊደላት ብቻ በሚለይ ቁጥር ስለሚያቀርቡ፣ ዋጋ አስተካክላለሁ ብሎ ቃል የገባው መደብር «ይህ ያ አይደለም» ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። አንዳንዴ ልዩነቱ የመቆሚያው ቀለም ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ግን የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ቁጥር ወይም የስክሪኑ የማደሻ ፍጥነት (ምስሉን በሴኮንድ የሚያድስበት ብዛት) ይቀንሳል። በትልልቅ የቅናሽ ዘመቻዎች ወቅት ብቻ ብቅ የሚሉ ሞዴሎች ላይ ይህን በተለይ ይጠንቀቁ።

አዲስ ገዢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከገባሁባቸው መደብሮች በአንዱ የምፈልገው የኦሌድ ቴሌቪዥን ካርቶን ያለው አልቆ ለማሳያ የቆመው ብቻ ቀርቷል። ሻጩ ሳልጠይቀው በራሱ ፈቃድ 10 በመቶ እቀንስልዎታለሁ አለኝ። ይህ ጥሩ ነው ወይስ የበለጠ ልጠይቅ?

ጠጋኙ እንዲህ ሲል መልሷል፦

ሳይጠየቅ የቀነሰ ሻጭ ዕቃው እንዲነሳለት የሚፈልግ ነው፤ ስለዚህ 10 በመቶው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ቴሌቪዥኑን ይመርምሩት፤ የጥገና ሥራ ላይ ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ ትንሽ ልርዘም።

ለማሳያ የቆመ ቴሌቪዥን ከቤት ቴሌቪዥን የተለየ ኑሮ ነው የኖረው። በመደብሩ ብርሃን ውስጥ ጎልቶ እንዲታይ «የመደብር ሁነታ» በሚባለው ቅንብር፣ ድምቀቱ ከፍ ብሎ፣ መደብሩ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ አንዱን የማስታወቂያ ቪዲዮ እየደጋገመ ይውላል። ብርሃኑ ከስክሪኑ ጀርባ የሚመጣለት ኤልሲዲ ቢሆን ይህ ብዙም ባላስጨነቀኝ። ኦሌድ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ስለሚያመነጭ፣ ብዙ የሠራው ነጥብ ከጎረቤቱ ቀድሞ ይደክማል፤ የማስታወቂያው አርማ ሁልጊዜ በሚቆምበት ማዕዘን ላይም ጥላው ይቀራል። ይህን ለማየት ሙሉ ስክሪኑን የሚሞላ ግራጫ ምስል፣ ከዚያም ቀይ፣ ከፍላሽ ወይም ከስልክዎ ያሳዩበት። በተንቀሳቃሽ ፊልም ላይ የማይታየው ጥላ ግራጫው ላይ እንደ እጅ አሻራ ብቅ ይላል። በብዙ ሞዴሎች ውስጥ ቴሌቪዥኑ በጠቅላላ የሠራበት ሰዓት ከቅንብር ወይም ከጠጋኝ ማውጫው ይገኛል፤ ሻጩ እንዲያወጣልዎት ይጠይቁት። ጥላ ካዩበት በ10 በመቶም በ30 በመቶም አይግዙት፤ ብዙ አምራቾች የስክሪን ጥላን በዋስትናቸው አይሸፍኑትም። ንጹሕ ከሆነ ግን ሪሞቱ፣ የመቆሚያው እግር፣ ብሎኖቹና ገመዱ መኖራቸውን አረጋግጡና የጎደለውን ሁሉ ለክርክሩ ተጠቀሙበት። የዋስትናው ዘመን የሚቆጠረው እርስዎ ከገዙበት ቀን እንጂ መደብሩ ከከፈተው ቀን እንዳልሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ።

ላፕቶፑንም ከማሳያው ሊወስዱ ካሰቡ የባትሪው የኃይል መሙያ ዙር ቁጥር አያታልልዎ። ለማሳያ የቆመ ላፕቶፕ ቀን ከሌት ሶኬት ላይ ስለሆነ ዙሩ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ የቆየ ሊቲየም ባትሪ ሳይሠራ ያረጃል። መታየት ያለበት ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም ንጽጽር ነው፤ ዊንዶውስ ይህን በባትሪ ሪፖርቱ ላይ ጎን ለጎን ያወጣዋል። የማሳያ ስልክን ግን እንዲያው ይተዉት፤ አንዳንዶቹ ለማሳያ ብቻ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ሲም ቢያስገቡባቸውም አይደውሉም።

ባለሱቅ ነኝ እንዲህ ሲል መልሷል፦

እስካሁን ስለ ሰንሰለት መደብር ነው የተወራው፤ እኔ የራሴን አነስተኛ ሱቅ የማስተዳድር ሰው ነኝ። በእኔ ዓይነቱ ሱቅ ፈቃድ የሚጠየቅ አለቃ ስለሌለ ክርክሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በብዛት ከሚረከቡት ይልቅ ዕቃውን በውድ ስለምረከብ የእነሱን ዋጋ አምጣ ብባል አንዳንዴ አቅሙ የለኝም።

ለማን እቀንሳለሁ? ዛሬ ለሚገዛ። «ነገ ከባለቤቴ ጋር እመለሳለሁ» ለሚል ሰው ዝቅተኛውን ዋጋ ብነግረው ሌላ ሱቅ ሄዶ መከራከሪያ ያደርገዋል፤ ሲደረግ አይቻለሁ። ሁለት ሦስት ዕቃ በአንድ ደረሰኝ ለሚወስድ ሰው እቀንሳለሁ፤ ጠያቂው ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን ከአንድ ቦታ ሊገዙ ቢችሉ ትልቁ ጉልበታቸው እሱ ነው። ተተኪው ሞዴል በመንገድ ላይ ያለ ዕቃም ይቀነሳል። የቴሌቪዥን አምራቾች አዲሱን ሞዴል በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ በላስ ቬጋስ ትርኢት ካስተዋወቁ በኋላ ዕቃው በቀጣዮቹ ወራት ገበያ ስለሚገባ፣ ያለፈው ዓመት ቴሌቪዥን ከመደርደሪያዬ በቆየ ቁጥር ገንዘቤን ይዞብኛል። እጅ በእጅ ለሚከፍል እቀንሳለሁ የሚሉ አሉ፤ የካርዱ ክፍያ ከፍ ባለበት ቦታ ያስኬዳል። በአውሮፓ ኅብረት ግን በካርዱ ላይ ባንኮች የሚወስዱት ድርሻ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለዴቢት በ0.2፣ ለክሬዲት በ0.3 በመቶ ስለተገደበ፣ እዚያ ያለ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ስላዩ ብቻ ብዙ አይቀንስልዎትም።

ለማን አልቀንስም? ያላየውን ዋጋ አየሁ ለሚል፣ ሰልፍ በበዛበት ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚከራከር። የመጀመሪያው ይታወቅበታል፤ ለሁለተኛው ብቀንስ ከኋላው የቆሙት ሁሉ ያንኑ ይጠይቁኛል። ሰው በሌለበት ሰዓት ቀስ ብሎ ለጠየቀኝ ግን አሳዝኜ አልመልሰውም። ደግሞ «እስከ ምን ያህል ይዘዋል?» ስላችሁ ቸኩላችሁ አትንገሩኝ፤ ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ እንዲሉ፣ ኪሳችሁን ካሳያችሁኝ በኋላ ከዚያ በታች የምወርድበት ምክንያት የለኝም።

ስለ ማስታወቂያ ዋጋም አንድ ነገር ላክል። በአሜሪካ አምራቹ «በማስታወቂያ ላይ ከዚህ በታች አትጻፍ» የሚል ውል ማስፈረሙ የተለመደ ነው። ውሉ የሚያስረው የሚጻፈውን እንጂ ሱቅ ውስጥ በቃል የሚባለውን ስላልሆነ፣ በየድረ ገጹ አንድ ዓይነት የሆነ ዋጋ ሲያዩ በአካል ሄዶ መጠየቅ ያዋጣል። የሽያጭ ዋጋውን ራሱን መወሰንም ቢሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በሊጂን መዝገብ ከወሰነ ወዲህ፣ በፌዴራል ሕግ እንደየሁኔታው ይመዘናል እንጂ በጥቅሉ የተከለከለ አይደለም። በአውሮፓ ግን ቸርቻሪው በምን ዋጋ እንደሚሸጥ አምራቹ ሊያስገድደው አይችልም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አሱስ፣ ዴኖንና ማራንትዝ፣ ፊሊፕስና ፓዮኒር በዚሁ ጥፋት በድምሩ ከ111 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተቀጥተዋል።

ቁርጥ ዋጋ ይሻላል እንዲህ ስትል መልሳለች፦

ባለሱቁ በቅንነት ስለጻፉ አመሰግናለሁ፤ «ቀስ ብሎ ለጠየቀኝ» ያሉት ግን ያልኩትን ያጠናክርልኛል፤ መጠየቅ እንደሚቻል ያላወቀው ሰው ከፍሎ ይሄዳል። ያም ሆኖ ለጠያቂው አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ተጨማሪ ዋስትናውን ከመከራከር በፊት ሕጉ በነጻ የሰጠዎትን ይወቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ ለ2 ዓመት በሕግ ተጠያቂ ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ለሚወጣ የፋብሪካ ጉድለት የሚሸጥልዎት ዋስትና ያለዎትን መልሶ መሸጥ ነው። መውደቅንና ስብራትን የሚሸፍን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ጠጋኙ እንዲህ ሲል መልሷል፦

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ክርክሩ ከጠበቁት በላይ ከተሳካልዎት ደስ ከመሰኘትዎ በፊት ዕቃው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ይመልከቱ። ለሌላ አገር ተሠርቶ በጎን የገባ ዕቃ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የአምራቹ ዋስትና እርስዎ ባሉበት ላይሠራ፣ ስልክ ከሆነም የአካባቢውን የኔትወርክ ሞገድ በሙሉ ላይዝ ይችላል። ስልክ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ቢደውሉ የሚወጣው የመለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር አንድ መሆን አለበት። ስለ ኤችዲኤምአይ ኬብልም ሻጩ ውዱ ምስሉን ያጠራዋል ቢልዎት አይመኑት፤ ዲጂታል ምልክት ካለፈ ያልፋል፣ ካላለፈ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል። በሴኮንድ 48 ጊጋቢት እንደሚያሳልፍ የተመሰከረለት ርካሽ ኬብል ለዘመኑ ቴሌቪዥን ይበቃል።

አዲስ ገዢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱንም ዕቃ ከአንድ ቦታ ለመጠየቅ ወስኛለሁ፤ የማሳያውንም ቴሌቪዥን በግራጫ ምስል አየዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ንግግሩን በምን ልጀምር? ደግሞስ በቅናሽ ስለገዛሁ ብቻ ዕቃውን የመመለስ መብቴ ይቀራል ወይ?

ከባንኮኒው ጀርባ እንዲህ ሲል መልሷል፦

«ሁለቱን ዛሬ አብሬ ብወስድ ምን ልታደርጉልኝ ትችላላችሁ?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ሻጩ ዝምታውን ለመሙላት ሲል መጀመሪያ የሚያቀርበው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሚጠይቁት ይበልጣል፤ እርስዎ ቁጥር ቀድመው ከጠሩ ግን ያንን አያዩትም። መልሱ ካነሰብዎት ቁጥሩን ከዚያ በኋላ ይጥሩ፤ በገንዘቡ ካልተስማሙም ወደ ማድረሻው፣ ወደ ማንጠልጠያውና ወደ ቦርሳው ይሻገሩ።

የመመለሱ ጉዳይ በመደብሩ ደንብና ባሉበት አገር ሕግ የሚወሰን ነው። በብዙ መደብሮች የተቀነሰለት አዲስ ዕቃ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይመለሳል፤ የማሳያ ዕቃ ግን «እንዳለ የተሸጠ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ደረሰኙ ላይ ምን እንደሚሰፍር ጠይቀው፣ የሁለቱም ዕቃ መለያ ቁጥር፣ በነጻ የተጨመረልዎት ነገር ሁሉና የመመለሻው ቀን እንዲጻፍ ያድርጉ። የተመረቀልዎት ቦርሳ ደረሰኙ ላይ በዜሮ ዋጋ ይመዝገብ እንጂ ከላፕቶፑ ዋጋ ተቆርሶ አይከፋፈል፤ ያለዚያ ላፕቶፑን የመለሱ ዕለት የሚመለስልዎት ገንዘብ ከከፈሉት ያንሳል።